የሚያውቅ ሰው ይዤ እመጣለሁ

በአገራችን አሮጌ መኪና ብቻውን ሄዶ የሚገዛ ሰው ገና አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ዛሬ በእግሩ ነው የሚሄደው። መኪና የሚገዛ ሁሉ ለደላላው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «የሚያውቅ ሰው ይዤ እመጣለሁ።» ይህ የሚያውቅ ሰው በየከተማው አለ። መካኒክ አይደለም። ሹፌርም ላይሆን ይችላል። ሥራው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋን መዞር፣ ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ ማድረግ፣ ከዚያ «እህም» ማለት ነው። ያቺ «እህም» ስንቱን ገበያ አፍርሳለች!

የሸዋ ሮቢቱ የሚያውቅ ሰው ክቡር ጋሽ ሙዐዊያ ናቸው። ፍራሽ ነጋዴ ናቸው። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ ባጃጅ ሲሳፈሩ እንኳ ከኋላ ተቀምጠው ፍሬን የያዙ ይመስል ወለሉን ይረግጣሉ። መኪና ግን ያውቃሉ። ከየት እንዳወቁት የጠየቃቸው ሰው የሚያገኘው መልስ ይህ ነው፦ «ፍራሽ የሚሸጥ ሰው የላዩን ጨርቅ አያምንም። ውስጡ ምን እንደተጠቀጠቀ ነው የሚያየው።» እኔም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስላላገኘሁ ተቀብየዋለሁ።

የመኪና ምርመራቸው ችሎት የሚሰየመው በቀትር ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት በቀትር ምን እንደምትመስል ያየ ያውቀዋል፤ ውሻ እንኳ ጥላ እየመረጠ ነው የሚራመደው። በዚያ ሰዓት ጋሽ ሙዐዊያ መኪናዋ ሜዳ ላይ ወጥታ ፀሐይ እንድትመታት ያዝዛሉ። ደላላው ላቡን ይጠርጋል። እሳቸው ቢስሚላህ ብለው መዳፋቸውን ቀለሙ ላይ ያሳርፋሉ። ደህና ላሜራ ወዲያው ያቃጥላል። ባለጋራዦች የተጎዳውን ቦታ የሚለስኑበት ስቱኮ ግን፣ ከላዩ የተቀባው ቀለም የቱንም ያህል ቢያምር፣ እንደ ላሜራው አይፋጅም። እየዳበሱ ይሄዳሉ፦ «ወይ! ወይ! ወይ!» በመሃል ድንገት ዝም ካሉ የደላላው ፊት ይለዋወጣል፤ ዝም ባሉበት ቦታ ላይ አንድ ቀን ግጭት ነበረ ማለት ነው። ደገኞች ለዚህ ሥራ ማግኔት ይዘው ይዞራሉ አሉ። እኛ ቆላ ነን፤ ፀሐያችን ይበቃናል።

«ቀለም ምስክር አይሆንም» ይላሉ በመጨረሻ መዳፋቸውን እፍ እያሉ። ፍርዱም ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ይቅርብን!»

ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ሙዐዊያ በሕይወታቸው «ግዛ» ብለው አያውቁም። ባለሆቴሉ ሰይፉ ላንድሮቨር ሊገዛ ይዟቸው ሄዶ፣ ስንቱን አይተው ስንቱን ጥለው፣ ሲመለስ አህያ ነው የገዛው። አህያዋንም መርምረዋታል፤ ጥርሷ ላይ መጠነኛ ጥርጣሬ ነበራቸው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ከሩቅ የመጣ ደላላ ቮልስ አቁሞ «ሞተሯ አዲስ! ራዲያተሯ አዲስ!» ይላል። ቮልስ እኮ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም፤ ሞተሯን የሚያበርደው አየር ነው። ጋሽ ሙዐዊያ ይህን እያወቁ በፍጹም ትሕትና «ራዲያተሯን ብቻ አሳየኝና እንፈራረም» አሉት። ሰውየው የፊቱን ክዳን ከፈተ፤ ጎማ አገኘ። የኋላውን ከፈተ፤ ሞተር አገኘ። ወንበሩ ሥር ገብቶም ፈለገ። አስፋልት ዳር ቆሞ የነበረው ባለባጃጅ ሁሉ ሲያፋልገው ዋለ።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ ሒክማ «መኪና ልገዛ ነው፤ ጋሽ ሙዐዊያን ይዤ እሄዳለሁ» ስትለኝ የደነገጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሒክማ ሙሽራ ታስውባለች። ሂና የምትስል እጇ የታወቀ ስለሆነ ከቀወት ገጠር ሁሉ እየመጡ ይወስዷታል። ሐሳቧ አሮጌ ቮልስ ገዝታ፣ ነጭ ቀብታ፣ በአበባ አስጊጣ ለሙሽሮች ማከራየት ነበር። ራሷ ትነዳለች፤ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ጨርሳለች። ለመኪናው ብላ ግን የገዛ ሠርጓን ወርቅ ሸጣለች። የማትረባ መኪና ከገዛች ወርቁም ሥራውም አብረው መሄዳቸው ነው። ጨርሳ ካልገዛች ደግሞ ረመዳን ሳይገባ ያለው የሠርግ ወቅት ያልፋታል፤ ወርቁም በሽንኩርትና በዘይት ያልቃል።

«ሌላ ሰው አጣሽ?» አልኳት።

«አጎቴ፣ እሳቸው እኮ አንድም ቀን ተሸውደው አያውቁም።»

«ገዝተው ስለማያውቁ ነዋ!»

አልሰማችኝም። ወርቁ የሚባል ደላላ ቀይ ቮልስ ይዞልን መጣ። መኪናዋ ዓይን ታፈዛለች። ወርቁም ቅቤ አንጓች ነው። «የሐኪም መኪና ናት፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ከመመለስ በቀር ሌላ መንገድ አታውቅም። ደጋ ያደገች፣ አቀበት የማይገዳት! ዛሬ ከደብረ ሲና እስከዚህ ስትመጣ ቤንዚን መቅመሷንም እጠራጠራለሁ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ነይ እስኪ ሞተሯን ንኪው።» ሒክማ ነካችው። እውነትም እምብዛም አልሞቀም። ፊቷ በራ።

ጋሽ ሙዐዊያ በመዳፋቸው ሲዳብሱ ሁለት ቦታ ላይ ዝም ብለው ነበር፤ አሁን ደግሞ ፈገግ አሉ። ከደብረ ሲና ሮቢት መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ድንጋይም ቢለቁት ቤንዚን ሳይጠጣ ይደርሳል። ወደ እኛ የሚወርድ ሻጭ ሁሉ በዚች ይጠቀማል፤ ቁልቁለቱ የሠራውን ለሞተሩ ያስመዘግባል።

«መልካም» አሉ፤ «እስቲ አሁን ወደ መጣችበት እንመልሳት።»

አራታችንም ተሳፈርን። ሜዳው ላይ ማለፊያ ነበረች። አቀበቱ ሲጀምር ግን መቃተት ጀመረች፤ ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ጋረደው። አገዳ የጫነች አህያ ደረሰችብን፤ ጎን ለጎን ትንሽ አብረን ሄድን፤ ከዚያ አልፋን ሄደች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ መኪና ያባችውን የሚያወጣው ግን አቀበት ነው።

«ከፍታው አልተስማማትም መሰለኝ» አለ ወርቁ።

«ደጋ ያደገች ናት አላልክም እንዴ?» አሉት ጋሽ ሙዐዊያ። ወዲያው ወደ ሒክማ ዞረው ቃላቸውን ሰጡ፦ «ይቅርብን!»

ሒክማን እስከ ቤቷ ሸኘኋት። በሩ ላይ ስንደርስ «እግዜር ይስጣቸው፣ ከጉድ አወጡኝ። ግን አጎቴ፣ በ‹ይቅርብን› ሙሽራ አይጫንም» አለችኝና ገባች። ከዚያ በኋላ የመጡ ሁለት ቮልሶችም የዚያችው ዕጣ ደረሳቸው። እኔ ደሜ ፈላ። ፍራሽ ቤታቸው ድረስ ሄጄ «ጋሽ ሙዐዊያ፣ አንድ ቀን እንኳ እሺ ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል? ልጅቷ እኮ ተስፋ እየቆረጠች ነው!» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። የተቀመጡበትን ፍራሽ ጠርዝ እየዳበሱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወላሂ፣ እኔ መኪናዋን አልፈራም» አሉኝ። «ያቺ ልጅ ወርቋን ከእጇ አውልቃለች። ‹ግዢ› ካልኳት በኋላ ብትቆምባት በየት በኩል አድርጌ በደጇ ላልፍ ነው?»

ሰውየው ኩራተኛ ይመስሉኝ ነበር። ለካ ፈሪ ናቸው፤ ፍርሃታቸው ደግሞ ለሰው ነው። ይዤው የመጣሁት ንዴት የት እንደገባ ጠፋኝ።

በሳምንቱ ጋሽ ሙዐዊያ ራሳቸው በራችንን አንኳኩ። «ማጀቴ ከተማ አንዲት ቮልስ አለች አሉ። ባለቤቷ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው» አሉ። ሒክማን ይዘን ሄድን። መኪናዋ ብርቱካን ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ሰማያዊ ነበረች መሰለኝ፣ አንድ በሯ ግን አረንጓዴ ነው። ገፍተን ፀሐይ ላይ አወጣናት። ፀሐዩ ሥራውን ሲጨርስ ጋሽ ሙዐዊያ እጅጌያቸውን ሰብስበው መዳፋቸውን ሲያነሡ እትዬ ትርንጎ ቀደሟቸው።

«ኧረ እጅዎን አያቃጥሉ ጌታዬ። በግራ በኩል ከፊት ስቱኮ ነው፤ ከግመል ጋር ተጋጭቼ ነው። ግመሉ ደህና ነው።»

የጋሽ ሙዐዊያ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«በሩን እንደሚያዩት ከሌላ መኪና ነው ያመጣሁት። ወለሉ ተበልቶ ነበር፤ ያስበየድኩት የአጥር በር የሚሠራ ሰው ጋ ነው፤ መልኩ ያስጠላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከቆመ ቆይቷል፤ የሚያዩትን ቁጥር እንዳያምኑት። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ እግር ታርሳለች።»

እንዲህ ያለ ሻጭ ጋሽ ሙዐዊያ አጋጥሟቸው አያውቅም። መኪናዋ ሥር ተንበርክከው ገቡ፤ ዳበሱ፣ አንኳኩ፣ አሸተቱ። ሲወጡ ፊታቸው አቧራ ለብሷል። ሴትየዋ ካሉት አንድም የጎደለ፣ አንድም የተረፈ ነገር የለም።

«ሌላስ?» አሉ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«ሌላማ እንግዲህ ዝገቷ ነው። እሱን መቼም ማንም ያየዋል።»

በዚህ ጊዜ በዓይኔ ባላይ የማላምነው ነገር ሆነ። «እንዴ እትዬ!» አሉ ጋሽ ሙዐዊያ፤ «ይቺም ዝገት ተብላ? ላይ ላዩን እኮ ነው! ብየዳውንም አይናቁት። የአጥር በር የሚሠራ ሰው ጅብ እንዳያልፈው ብሎ ነው የሚበይደው። መልክ ምን ያደርጋል?» አቃቤ ሕጉ ጠበቃ ሆነው አረፉት! ሴትየዋ ጉድለት ይጠራሉ፤ እሳቸው ያስተባብላሉ። እኔና ሒክማ ሳቃችንን ለመደበቅ ብርቱካን የምንመርጥ መስለን ወደ ዛፉ ዞርን።

አቀበትም ወጣች። እያጉረመረመች፣ እየተሳደበች፣ ግን ያለ ጭስ ወጣች። ስንመለስ ጋሽ ሙዐዊያ ሒክማ ፊት ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ላባቸውን ጠረጉ። ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑና «ግዢ» አሉ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«ሰይጣን ያሉት መኪናዬን ነው እኔን?» አሉ እትዬ ትርንጎ። ጋሽ ሙዐዊያ ይቅርታ ሲለምኑ መሸ።

ቮልሷ ነጭ ተቀባች፤ በሩም ከገላዋ ጋር አንድ ሆነ። የመጀመሪያው ሠርግ ቀን ሒክማ መሪውን ይዛ፣ ሙሽራዋ ከኋላ ተሞሽራ፣ ሕዝቡ በጭብጨባና በእልልታ ከብቦ አስፋልቱን ሲያቋርጡ መኪናዋ ድርግም ብላ ጠፋች። ሒክማ ቁልፉን አዞረች። ዝም። ደግማ አዞረች። ዝም። እልልታው ቀስ በቀስ ረገበ። ከአጃቢው መሃል ሆኜ የሒክማን ፊት በመስኮቱ አየሁት፤ ጨልሟል።

ይህ ሁሉ የሆነው በፍራሽ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። «ጋሽ ሙዐዊያ!» ብሎ ጮኸ አንድ ባለባጃጅ፤ «ግዢ ያሏት ይቺን ነው?» ሳቁ ከዳር ዳር ተቀጣጠለ።

ጋሽ ሙዐዊያ ከሱቃቸው ወጡ። የሚሸሹ መስሎኝ ነበር። ኮታቸውን አውልቀው እኔ ላይ ወረወሩና ከመኪናዋ ኋላ ሄደው ትከሻቸውን ሰጧት። «ምን ያስገለፍጣችኋል?» አሉ ወደ ሕዝቡ፤ «እናንተ በዚህ ፀሐይ ሙሽራ ተሸክማችሁ ትዘልቃላችሁ? ኑና ግፉ!»

አንድም መኪና ይቅር ብለው የማያውቁ ሰው ናቸው ይህን ያሉት። ሚዜዎቹ መጡ። እኔም ኮቱን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ገባሁ። ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ ያ ባለባጃጅ ሳይቀር እየሳቀ፣ መንገደኛው ሁሉ እጁን አሳረፈባት። ትንሽ እንደሄደች ሞተሯ ጓ ብሎ ተነሣ፤ እልልታውም ከቀድሞው እጥፍ ሆነ። አንዲት እናት ከገፊዎቹ መሃል ሮጠው የሒክማን መስኮት ያዙ። «የኔ ልጅ» አሉ እያለከለኩ፤ «ለእኔም ልጅ ትመጭልኛለሽ? አገር ሁሉ ገፍቶ የዳራት ሙሽራ አይቼ አላውቅም!»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሒክማ ረመዳን እስኪገባ አንድም ሳምንት አላረፈችም። ቮልሷ አሁን ተሠርታ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች። የሙሽራ ቤተሰቦች ግን «አይሆንም፣ አጥፊያትና ትገፋ፤ ምርቃት ነው» ይላሉ። ጋሽ ሙዐዊያም የእልልታ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ፍራሽ የሚያማርጠውን ደንበኛ ጥለው ይወጣሉ። እኔም የያዝኩትን ትቼ ከጎናቸው ገብቼ እገፋለሁ። ለሙሽራዋ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ለቮልሷም አይደለም። ሰውየውን ስለምወዳቸው ነው።