የመጋረጃ ብረት ምንሽር

ኀዘን የገባው ወንድ ቁጭ ብሎ ቢያለቅስ ምን ነበረበት? እኛ ሴቶች አልቅሰን፣ ተናፍጠን፣ ፊታችንን ታጥበን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ወንድ ግን መዶሻ ይፈልጋል። የማያፈስ ቧንቧ ይፈታል፣ ያልዘመመ አጥር ያቃናል። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ፤ መጽሐፍ ማንበቡን አነባለሁ፣ ይህን ግን ያነበብኩት ከባሌ ላይ ነው።

ያ በሽታ አውሮፕላኑንም ሰውንም በያለበት የቆለፈ ጊዜ፣ አማቴ ሆሳዕና አጠገብ ካለው መንደራቸው አረፉ። ባሌ ላምቦሬ የበኩር ልጃቸው ነው። በእነሱ ደንብ ትልቅ ሰው ሲሞት፣ በኩሩ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ እየፎከረ የለቅሶውን ሜዳ ይዞራል። ጠመንጃው እዚያ፣ በኩሩ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ሜይፌር የሚባል ሰፈር፣ ኪራይ ቤት ውስጥ! ታናሽ ወንድሙ ደወለና ለቅሶው ቅዳሜ እንደሆነ፣ በቪዲዮ እንደሚያሳየው ነግሮት፣ «አንተ ብቻ አትጨነቅ፤ ጠመንጃውን እኔ ይዤ እዞራለሁ» አለው። ማጽናናቱ መሆኑ ነው እንግዲህ። ባሌም፣ «እኔም የራሴን ይዤ እዞራለሁ» አለ።

የራስህን ምን? አልኩት። ጠመንጃ። ከየት አምጥተህ? እሠራለሁ።

እኛ እኮ ጌታን የተቀበልን ሰዎች ነን፣ ፉከራውን ተዉ ተብላችሁ የለም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ ጌታን ተቀብሏል፤ ጠመንጃውን ማን አጠመቀው?» አለኝ።

የሚተኩስ እንዳይመስላችሁ፤ ለዓይን ብቻ ነው። ዳቬይተን በሚባለው ሰፈር ያለችው ሱቃችን መደርደሪያዋ ግማሽ ባዶ ነበርና፣ ዕቃው ከቤት ይመረጥ ተባለ። አመራረጡን ብታዩ! ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አልተጠበበም፤ ምስክሯ እኔ ነኝ። ለሰደፉ የተሰበረ የወንበር እግር ባቀርብለት፣ ቀጭን ነው ብሎ የደህናውን ወንበር መደገፊያ ነቀለ። ለአፈሙዙ ከፎርድስበርግ ገበያ የገዛነው ምንጣፍ ተጠቅልሎበት የነበረውን የካርቶን ቱቦ ባመጣለት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አባቴ መድፈኛ ነበር እንዴ?» ብሎ ተቆጣና የሳሎኔን መጋረጃ ብረት አወረደ። የክት ቦርሳዬን ማንገቻ ሲያነሳ ግን ጮህኩ። ቀና ብሎ አየኝ። «የአባባ ምንሽር ማንገቻው እንዲህ ቀይ ነበር፤ ገበያ ሲወስደኝ እሱን ይዤ ነበር ከኋላው የምከተለው» አለኝ።

መቀሱን እኔው አቀበልኩት። ከዚያማ ባሰብኝ፤ ቃታው ዘንበል ይበል፣ ሰደፉ በጫማ ቀለም ይጥቆር እያልኩ ዋና አማካሪ ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን፣ እነሱም እኛን እንዲያዩን፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልነው። ከወዲያ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። እዚያም መሰብሰብ ተከልክሏል ይባል ነበር፤ ለትልቅ ሰው ለቅሶ ግን ማን ቤቱ ይቀራል? ባሌ ምንሽሩን ከፍ አድርጎ፣ «የማን ልጅ!» እያለ፣ የአባቱን ስም እየጠራ ጠባቧን ግቢያችንን ይዞር ጀመር። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተደበደበ። ለካ ጎረቤት በአጥር አይቶ ፖሊስ ጠርቷል። ያን ሰሞን ወታደርም ከፖሊስ ጋር ይዞር አልነበር? አንዲት ወፍራም ፖሊስ ሁለት ወታደሮች አስከትላ ገባች። የእነሱ ጠመንጃ እንኳ የመጋረጃ ብረት አይመስልም።

እጄን ወደ ላይ እንደሰቀልኩ፣ ከደንበኞቻችን በለቃቀምኳት ዙሉ፣ አባቱ ሞቶበት ነው፣ እንዳይሄድ መንገድ ተዘግቶበት ነው፣ ይኸው በስልክ እየቀበረ ነው እያልኩ ለፈለፍኩ። ሴትዮዋ ምንሽሩን ተቀብላ በእጇ መዘነችው። ጫፉ ላይ ረስተነው የቀረውን የመጋረጃ ቀለበት በጣቷ አሽከረከረች። ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ ደረታቸውን የሚመቱትን ሴቶች አየች። ከዚያ ጠመንጃውን በሁለት እጇ መለሰችለትና፣ «ጨርስ፣ ባባ» አለችው፤ በዙሉ አባቴ እንደማለት ነው። ኮፍያዋንም አወለቀች። ይህን ያዩት ወታደሮች ቀጥ ብለው ቆሙ። ባሌ የቀረውን ዙር መፎከር አቅቶት፣ ምንሽሩን እንደ ሕፃን አቅፎ እያነባ ዞረ። እኔስ መች ቀረሁ።

ሴትዮዋ ስትወጣ፣ አፍንጫችንን ሳንሸፍን ደጅ በመገኘታችን በደንብ አድርጋ ገሠጸችን።

ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ደወለ። «አንተ» ማለቱን ትቶ «ጋሼ» ብሎ ጀመረ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ለአባታችን ወታደር አሰልፎ፣ አለቃቸው ኮፍያዋን አውልቃ ስትሸኛቸው አገር ጉድ አለ፤ የኛ ወረዳ አንድ ሚሊሺያ እንኳ አልላከ፤ ደግሞም በኩር በኩር ነው አለው። ባሌ እውነቱን ሊነግረው አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። መቼስ ዝምታ ውሸት አይባልም።

ይኸው አሁን ሽማግሌው አጎቱ በደወሉ ቁጥር አደራ ይሉናል፦ እኔ ስሞት ወታደሩ ቢቀር ግድ የለም፣ መንግሥትም ወጪ አይብዛበት፤ ያችን ወፍራሟን ብቻ እንዳታስቀሩብኝ።