የኮሳኩ ጺም

በር ላይ የሚቆም ሰው አይታይም። እስቲ መጨረሻ የገባችሁበትን መሥሪያ ቤት አስቡት። ሹሙን ታስታውሳላችሁ፤ የተጉላላችሁበትንማ ማን ይረሳዋል። በሩን የከፈተላችሁ ሰውዬ ግን አፍንጫው ምን ይመስል ነበር? አያችሁ፣ ዝም አላችሁ። እኔ የዘበኛ ሚስት ስለነበርኩ የትም ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። (ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ምራቴ ጥሩወርቅ ናት። ያማረ ቃል ካገኛችሁ የእሷ ነው፤ ወሬው ግን የእኔ።)

ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ደምሴ የንጉሥ ዘበኛ ነበር። ዘበኛው በንጉሡ ላይ ተነሳ በተባለበት በዚያ ክፉ ሳምንት ከማን ወገን እንደቆመ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በሩ ላይ ነበር፤ በሩ ላይ ቀረ። ፈታሾች ቤት ለቤት መዞር ሲጀምሩ በዘበኛ ልብስ የተነሣትን ያችኑ አንዲት ፎቶግራፉን ከሰል ላይ ጣልኳት። ልጄ ደረጀ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። አድጎ፣ ተምሮ፣ ተሰዶ፣ እኔንም ወደ ሆላንድ አስመጥቶ፣ አምስተርዳም ጥግ ዲመን በምትባል ሰፈር ፎቅ ላይ ሲያኖረኝ እንኳ ጥያቄው አልተለወጠም፤ አባዬ መልኩ እንዴት ነበር ይለኛል። ጠይም፣ ቁመቱ መለል ያለ እለዋለሁ። ይህ መልክ ነው እንዴ? ስንቱ ጠይም አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሲያልፍ ከእኔም ቀስ እያለ እየጠፋ ነበር።

ስሙ ግን አልጠፋም። እዚህ አገር የአባት ስም ለቤተሰቡ ሁሉ ይሆናልና ልጄም ደምሴ፣ የልጅ ልጄም ደምሴ ተብለው ነው የተመዘገቡት። በየሳምንቱ ደምሴ የሚል ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ዘው ይላል። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የሚላክለት ሟች ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ሰሞን የልጅ ልጄን የሰብለን አስተማሪ ምን እንደነካት እንጃ፣ ልጆቹን የአያታችሁን ፎቶ አምጡ አለቻቸው። ሰብለ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እዚህ ስላደገች አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም።

"አያቴ፣ አንቺ ለምን አቃጠልሽው?" አለችኝ።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጥሩወርቅ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ በዕረፍት ቀኗ ሁለታችንንም በትራም ይዛ ወደምታጸዳው ሙዚየም ወሰደችን። "እማማ፣ ወለል ስወለውል ሁልጊዜ የሚያየኝ አንድ ሰውዬ አለ፤ እስቲ ይዩልኝ" አለችኝ።

አየሁት። ምን ልበላችሁ፣ እግሬ ባለበት ቀረ። ግድግዳውን የሞላ የሰው ሥዕል ነው። ረጅም ቀይ ካፖርት ለብሷል፣ ራሱ ላይ የበግ ፀጉር ቆብ ደፍቷል፣ ደረቱ ላይ ግራና ቀኝ ጥይት ደርድሯል፣ ወገቡ ላይ በብር ያጌጠ ጩቤ ታጥቋል። ብሩ አሁን የተወለወለ ይመስላል። ጺሙ በጥይቱ መሃል ደረቱ ላይ ወርዷል፤ ሠዓሊው፣ እጁን ይባርከውና፣ እያንዳንዷን ፀጉር ለብቻዋ ነው የሠራት። ዓይኑ ግን ከሁሉ በለጠብኝ። ፊት ለፊቱ ያለውን እያየ ጆሮው ከኋላው ካለው በር የማይነቀል ሰው ዓይን ነው። ይህን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ማታ ማታ ቤቴ እየገባ እራት ይበላ ነበር።

ነጠላዬን አደግድጌ እጅ ነሣሁት። ምሳ ይዤ ቤተ መንግሥት በር ስደርስ እንደማደርገው፣ "ማለፍ ይፈቀዳል ወይ?" አልኩት። ጥግ ላይ ቆሞ የነበረው የሙዚየሙ ዘበኛ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ለእሱ የተናገርኩ መስሎት ጎንበስ ብሎ በእጁ መንገድ አሳየኝ። ሰብለ በሳቅ ፈረሰች።

ጥሩወርቅ ከሥር የተጻፈውን አነበበችልኝ። ኮሳክ ይባላሉ፣ ፈረሰኛ ሕዝብ ናቸው፣ የሩሲያ ንጉሥ አጃቢ ነው አለችኝ። የንጉሡ ስም አለ። የሠዓሊው ስም አለ። የእሱ ስም የለም። የእኛው ሰውዬ ደግሞ ስሙ በየፖስታው ላይ እያለ መልክ የለውም። ያን ጊዜ ነው አፌ ያመለጠኝ።

"ሰብልዬ፣ አያትሽ እንዲህ ነበር።"

አቋሙን ማለቴ ነበር። ልጅ ግን ግማሽ አትሰማም። መውጫው ላይ የሥዕሉን ፖስት ካርድ አስገዛችን፤ ቤት ስትደርስ ፊቱን በቡናማ እርሳስ ጠይም አደረገችው፣ ከሥሩም ደምሴ ብላ ጻፈችበት። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ደረጀ ለወላጆች ስብሰባ ሄዶ አይቶት መጣ። ሰውዬው ሩሲያዊ መሆኑ አልጠፋውም፤ የተማረ ሰው ነው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ፊቴ ቁጭ አለና፣ "እማዬ፣ እውነት ይመስለው ነበር?" አለኝ። ዓይኑን ብታዩት። አራት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው የጠየቀኝ። አቋሙን እንጂ መልኩን አይደለም ማለት ነበረብኝ።

"ቁርጥ እሱን" አልኩት።

በዚያው ሳምንት መላጨት አቆመ።

ልብ በሉ፣ ደምሴ አንዲት ጺም አልነበረችውም። የንጉሥ ዘበኛ ተላጭቶ ነው ሰልፍ የሚቆመው፤ ጠዋት ጠዋት ውኃ የማሞቅለት እኔው ነበርኩ። ልጄ ግን ጺሙን ሁለት ዓመት አሳደገ፣ አበጠረ፣ ለእንግዳ ሁሉ አባቴን ወጥቼ ነው አለ። እኔም እያደር ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ደምሴ ጺም አበቀለ። በገዛ አፌ ሁለተኛ አቃጠልኩት።

ኋላ ዛንዳም በምትባል ከተማ ብስኩት ፋብሪካ ሥራ አገኘ። ምግብ ነውና ጺም አይፈቀድም አሉት። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

"እማዬ፣ ዛሬ አባዬን ላጨሁት" አለኝ።

ቀና አልኩ። ደምሴ ነው። አገጩ፣ ከከንፈሩ ሥር ያለችው ስርጉድ፣ ጆሮው ሥር የቀረችው የሳሙና አረፋ ሳትቀር፣ ሃያ ሰባት ዓመት የፈለግሁት ፊት በራሴ ቤት በር ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል። አፌን ከፈትኩ። ብነግረው ያን ሁለት ዓመት ያበጠረውን አባት ልወስድበት ነው። አፌን ዘጋሁ።

ምራቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች። እሷም ገና አሁን መስማቷ ነው። "እማማ፣ ይህንንም ልጻፈው?" አለችኝ። ጻፊው አልኳት፤ ካነበበው አነበበው።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ውኃ ላሙቅልህ እለዋለሁ። እማዬ፣ እዚህ እኮ ከቧንቧው ሞቆ ነው የሚወርደው ብሎ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ፊቱን እየጠራረገ ይወጣል፣ በጎኔ ያልፋል፣ ባቡሩ እንዳያመልጠው ይሮጣል።

በር ላይ የሚቆም ሰው አይታይም ብያችሁ የለ? እስካሁን አላየኝም።