ባንዲራ ሲወርድ የገባች ኳስ

ከስህተት መማር ደግ ነገር ነው ይሉናል። እኔም አልክድም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከስህተታችሁ ተምራችሁ፣ በትምህርቱ የተጎዳችሁ የላችሁም? እኔ አለሁ። ዳኛ ከሆናችሁማ፣ ያውም የቅርጫት ኳስ፣ ያውም ባሕር ዳር፣ ያውም በደርግ ጊዜ፣ ስህተታችሁን የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ከሜዳው ዳር ዋርካው ሥር የተቀመጠው ሁሉ ፊሽካ ያልተሰጠው ዳኛ ነው።

ያኔ በአዘቦት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አጫውታለሁ። በከተማችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሴቶች ቡድን ውስጥ ሰናይት የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ነበረች። ከተማው በሙሉ «መምህር» እያለ አንቱ ሲለኝ፣ እሷ ከመጀመሪያው ቀን «አንተ» አለችኝ። ድሬዎች መቼ አንቱታ ያውቃሉ! በቃ፣ ልቤ ሸፈተ። እሷ አታውቅም ብዬ ነበር። ከተማው ግን ያውቅ ነበር፤ ባሕር ዳር ያኔ ትንሽ ነበረች።

የዚያ ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ ፋብሪካውን ከኮሌጁ አገናኘ። ያሸነፈ ክፍለ ሀገሩን ወክሎ ድሬዳዋ ይሄዳል። ሰናይት እናቷን ካየች ዓመታት አልፈዋል፤ ፈቃድ ሲገኝ የይለፍ ወረቀት ይጠፋል፣ ወረቀቱ ሲገኝ መንገዱ ይዘጋል። የቀራት ተስፋ ይህቺ ጨዋታ ነበረች። ይህን ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ።

ሊያልቅ ሲል፣ ፋብሪካው በአንድ ነጥብ እየተመራ፣ ሰናይት ወረወረች። ኳሷ ከእጇ እንደወጣች ከማዶው መሥሪያ ቤት የባንዲራ ፊሽካ ተነፋ። ያኔ ባንዲራ ሲወርድ የሚንቀሳቀስ የለም፤ ተጫዋቹም፣ ተመልካቹም፣ ብስክሌት የሚገፋውም ቀጥ አለ። ኳስ ግን ምን አብዮት ያውቃል! ሄዳ ገባች።

ባንዲራው ወርዶ እስኪያልቅ፣ ሁላችንም እንደተገተርን፣ አየኋት። ፈገግ ብላለች። መቁጠር ነበረብኝ፤ የተነፋው የኔ ፊሽካ አይደለም። ግን ከዋርካው ሥር የሚባለው ገና ሳይባል ተሰማኝ፦ «ለወደዳት ቆጠረላት!» ፈራሁ። ኳሷን ሻርኋት፤ ፋብሪካው ተሸነፈ።

ሰናይት አልጮኸችም። ላቧን እየጠረገች መጥታ፣ «ሌላ ሴት ብትሆን ትቆጥርላት ነበር፣ አይደል?» አለችኝ።

ለካ ታውቃለች።

ዓመቱን ሙሉ ራሴን ስመክር ከረምሁ፤ አላዳላም ለማለት ሲባል ሰው አይበደልም እያልሁ። በዓመቱ እነዚያው ቡድኖች ለዚያው ጉዞ ተገናኙ። እኩል ለእኩል ሆነው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የኮሌጁ ተከላካይ ሰናይትን ገፍታ ጣለቻት። የዋርካው ሥር ሸንጎ ገና ሳልነፋ መሳቅ ጀመረ። ይሳቅ! ነፋሁ። ሁለት የቅጣት ውርወራ ሰጠኋት፤ ሁለቱንም አገባች። ስታልፍ ትከሻዬን መታ አድርጋ፣ «ጎበዝ፣ ተማርህ» አለችኝ። የዚያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ቡድኑ ሄደ። የሚመለስ ዕለት አውቶቡሱን ልቀበል ወጣሁ። ሁሉም ወረዱ። እሷ የለችም። እናቷን ታማ አግኝታት እዚያው ቀረች አሉኝ። «ለዳኛው ሰላም በሉልኝ» ብላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ዛሬ ትናፍቀኛለች። ወጣት ዳኞች «ጋሼ፣ ከሁሉ የከፋው ስህተትዎ የቱ ነው?» ሲሉኝ፣ የሻርኋትን ኳስ እነግራቸዋለሁ፤ ቶሎ ብለው ይጽፋሉ። ያ ስህተት ሰናይትን አንድ ዓመት እንዳቆየልኝ፣ የወሰደብኝ ትክክለኛው ፊሽካ እንደሆነ ግን አልነግራቸውም። ልጆች ናቸው፤ ዳኝነቱን ይማሩበት።