ፓምፕ ሠሪው ሽው

ያለ መንጃ ፈቃድ የሚፈተለክ ሞተረኛ የሌለበት አውራ ጎዳና የለም። አስፋልት በተነጠፈ ማግስት ይበቅላል። መንገዱ ገና ነጭ መስመሩ ሳይቀባ፣ እሱ ቀድሞ ደርሶ ሸሚዙን በነፋስ ነፍቶ በሁለት የጭነት መኪናዎች መሃል ሲሾልክ ታገኙታላችሁ። ሄልሜት አለው፤ የሚያንጠለጥለው ግን ክንዱ ላይ ነው፤ ከጭንቅላቱ ይልቅ ለክርኑ የሚሳሳ ይመስላል። የጎን መስታወትም ነበረው፤ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ስላልሆነ ፈትቶ ጥሎታል።

ከተማው መውጫ ላይ የምትቆመው የትራፊክ ሳጅን እንዲህ ዓይነቱን ሰው በድምፁ ብቻ ትለየዋለች። ከሁሉም አብልጣ የምታውቀው ግን አንዱን ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር አትክልት የሚያለሙት ሰዎች ሽው ብለውታል። እናቱ ያወጣችለት ስም የሚሰማው ክስ ሲጻፍበት ብቻ ነው።

ሽው ፓምፕ ሠሪ ነው። በዚያ አካባቢ እርሻው ሁሉ ከወንዝ ውሃ የሚስበው በፓምፕ ነው፤ ፓምፕ ደግሞ ልክ ፀሐይዋ ስትከር መቆም ይወዳል። ያኔ ይደወልለታል። የደወለው ሰው ስልኩን ኪሱ ሳይከት ደረሰ ይባላል። ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም አይደለም። መፍቻዎቹን በከረጢት ጀርባው ላይ አስሮ፣ ሆዱን ነዳጅ ታንኩ ላይ አስተኝቶ፣ አንገቱን እንደ ኤሊ አስግጎ ይመጣል፤ ይሠራል፤ ይሄዳል። አቧራው እንኳን ገና አልተቀመጠም።

ሳጅኗ መጀመሪያ በደንቡ ሄደችበት። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች። አልቆመም። እንዲያውም አጠገቧ ሲደርስ ድንገት ጠምዝዞ ኮፍያዋን በነፋስ ገፎባት አለፈ። በመኪና ተከትላ አንድ የሽንኩርት ማሳ ዳር አገኘችው።

"እጄን አላየህም?"

"አየሁ እንጂ ሳጅን። ሰላም ያሉኝ መስሎኝ ነው።"

"ፍጥነትህስ?"

"እኔ አልፈጠንኩም። መንገዱ ነው ያጠረው።"

"መንጃ ፈቃድ።"

"በሂደት ላይ ነው።"

ይህ ሂደት ሳጅኗ ገና ተራ ኮንስታብል ሳለች የተጀመረ ነው። እሷ ማዕረግ አገኘች፣ ልጆች ወለደች፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ገቡ፤ የሽው መንጃ ፈቃድ ያው በሂደት ላይ ነበር።

ቀጣችው፤ ቅጣቱን ከፍሎ እያፏጨ ሄደ። ኩርባው ላይ ተደብቃ ጠበቀችው፤ በእርሻ ውስጥ ለውስጥ አሳብሮ አመለጣት። አንድ ቀን ጣቢያ አስቀምጣ የአደጋ ፎቶግራፎችን አንድ በአንድ አሳየችው። እያንዳንዱን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ተመለከተ። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ፤ ሳጅኗም በመጨረሻ ልቡን አገኘሁት አለች። የመጨረሻውን ፎቶ ግን ሲመልስላት፣ "የዚህ ሞተር ካርቡራተር ደህና ነው፤ ባለቤቱ ይሸጠው ይሆን?" አላት።

ሞተሩን ስትይዝበት ደግሞ ጣቢያው በአትክልት አልሚ ተሞላ። ከፊት የቆመችው ቲማቲም የምታለማ ጠና ያለች ሴት ነበረች።

"ልጄ፣ ሕጉን አንቺ ያዢው፤ ሰውየውን ግን ልቀቂልኝ። ፓምፔ ቆሟል፣ ቲማቲሜ ጠውልጓል።"

"በእግሩ ይምጣላችኋ፣ እናቴ።"

"በእግሩ እስኪደርስ እኔም እጠወልጋለሁ።"

ሳጅኗ አልለቀቀችም። ሽው ግን በማግስቱ የማን እንደሆነ በማይታወቅ ሌላ ሞተር ሽው አለ። የማን ነው ብላ ብትጠይቅ ከሽንኩርት ማሳ እስከ ጎመን ማሳ አንድም ያየ ሰው አልተገኘም።

ቤቷ ስትገባ ይህን ለባሏ እያወራች ትስቃለች። ግን አደጋ ሲደርስ ከዚያ አስፋልት ላይ ሰው የምታነሳው እሷ ናት። አንሶላ ያለበሰቻቸውን ሰዎች አብዛኞቹን በሕይወት ሳሉ አታውቃቸውም ነበር፤ የሽውን አሳሳቅ ግን ታውቃለች። ይህ ነው ያስቸገራት።

የፈራችው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። መንገድ ሠራተኞች የተሰነጠቀ አስፋልት እየጠገኑ ነበር። አንዲት ሠራተኛ ቀይ ባንዲራ ይዛ መኪና ታስቆማለች። የጭነት መኪናዎቹ ቆሙ። ሽው በጎን ሾልኮ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ። ባንዲራውን አወናጨፈች፤ ጮኸች፤ በመጨረሻ ራሷን ቦይ ውስጥ ወረወረች። እሱ የአሸዋ ክምር ውስጥ ገባ። ሴትየዋ ጉልበቷ ተላጠ፣ የሱ ክንድ ወለም አለ። ሞት ግን በሁለቱም በኩል ታክኮ ነው ያለፈው።

ሳጅኗ ክሊኒክ ደርሳ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በመንገዷ ሁሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር የመጣችው፤ ተናገረችውም። ሴትየዋ እቤት የሚጠብቋት ልጆች እንዳሏት፣ ቦዩ እዚያ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ምን ይሆን እንደነበር፣ ሁሉንም። ሽው አላቋረጣትም፤ ቀልድም ጣል አላደረገም።

"ያን የሚያህል ቀይ ባንዲራ እንዴት አታይም?"

"ባንዲራ ይዛ ነበር?" አለ።

ሳጅኗ ውሸት ስትሰማ የኖረች ሰው ናት። ይህ የውሸት ድምፅ አልነበረም። ትንሽ አየችውና ትይዩው ግድግዳ ላይ ወደተለጠፈው ትልቅ ማስታወቂያ ጠቆመችው።

"እስቲ እሱን አንብብልኝ።"

"ምኑን?"

"ግድግዳው ላይ ያለውን።"

ዓይኑን አጨናብሶ አንገቱን አሰገገ። "ሥዕል ነው አይደል? አበባ ነገር።"

ሳሙና የያዙ ሁለት እጆች ነበሩ፤ ከሥራቸው በትልልቁ እጅዎን ይታጠቡ የሚል ጽሑፍ አለ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆንከው?"

"ከልጅነቴ ነው መሰለኝ። ቅርብ ያለውን በማየት ግን ማንም አይበልጠኝም። የብሎን ጥርስ ቆጥሬ እነግርዎታለሁ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መንጃ ፈቃዱንም ሄጄ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሰዎች ከግድግዳው ላይ ፊደል እየጠሩ ያልፋሉ። ለእኔ ባዶ ግድግዳ ነው። ተራዬ ሲደርስ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ሆኜ ወጣሁ።"

"መነጽር የሚባል ነገር አልሰማህም?"

"ዓይኑ የደከመ ፓምፕ ሠሪ ማን ይጠራል፣ ሳጅን? ፈጣን ነው ከተባልኩ ግን ሁሉም ይጠራኛል።"

"እሺ፣ የማታይ ከሆነ ለምን ትበራለህ?"

አሰበ። ይህን ጥያቄ ለራሱ አቅርቦ የሚያውቅ አይመስልም።

"ባዶ ነዋ" አለ። "መንገዱ ለእኔ ሁልጊዜ ባዶ ነው።"

ሳጅኗ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ክሱን አልተወችለትም። ሞተሩን በሰንሰለት አስራ ቆለፈችበት፤ ፍርድ ቤትም ቀረበ፤ ባንዲራ ያዧንም ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። በእረፍት ቀኗ ግን የሥራ ልብሷን አውልቃ፣ ቤቷ አስጠርታው ጣቷን ቀሰረችበትና፣ "ተነስ፣ እንሂድ" አለችው። ባሏ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "ከሳሹም አንቺ፣ አስታማሚውም አንቺ?" ቢላት "አንተ ደግሞ ዝም በል" ብላው ወጣች።

የዓይን ሐኪሙ ሌንስ እየቀያየረ ሲመረምረው ቆየና፣ "እስከ ዛሬ በምን ስትሄድ ነበር?" አለው። ሽው በሞተር ሊል አፉን ሲከፍት ሳጅኗ ጎሸም አደረገችው።

መነጽሩ ደርሶ የወሰዱ ዕለት በሚኒባስ ተመለሱ። ሽው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ ሳጅኗ ከኋላው። ሹፌሩ ሽማግሌ ነው፤ ብስክሌት ሲቀድመው የማይከፋው ሰው። ገና ከመናኸሪያው እንደወጡ ሽው ከፊቱ ያለውን የዳሽቦርድ ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ባየ ቁጥር በባዶው ወለል ላይ ፍሬን ይረግጣል።

"እትዬ" አለ ሳይዞር። ሳጅን ሳይላት ሲቀር የመጀመሪያው ነበር። "ይህን ሰውዬ ቀስ በል ይበሉልኝ።"

"ከዚህ ቀስ ካልኩማ ወርጄ ልገፋው ነው" አለ ሹፌሩ።

ከተማው ሊደርሱ ሲሉ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ወጥተው ነበር። ቦርሳቸውን አዝለው፣ እየተጓተቱ፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ረድፍ ይዘው ይሄዳሉ። ከነሱ አለፍ ብሎ ጀሪካን የተሸከመች ሴት አለች፤ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት የሚገፋ ሰው አለ። ሽው መስኮቱ ላይ ተጣብቆ አንድ በአንድ ተመለከታቸው።

"ሁልጊዜ እዚህ ናቸው?"

"ሁልጊዜ" አለችው ሳጅኗ።

ከመኪናው ሲወርዱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። አልቆሸሸም ነበር።

ፈተናውን አለፈ። የመንጃ ፈቃዱን ፎቶ ስታይ ሳጅኗ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ዓይኖቹ በመነጽሩ ውስጥ የታሰረ ሰው ዓይን ይመስላሉ። አትክልት አልሚዎቹ ግን አልሳቁም። ባለ ቲማቲሟ ሴት ጣቢያ ድረስ መጥታ፣ "ልጄ፣ ምን አድርገሽ መለስሽልኝ? ጠዋት ብጠራው ከሰዓት ነው የሚደርስ" ብላ ወቀሰቻት። ሽው ብለው መጥራታቸውን ግን አልተዉም፤ አሁን ሲሉት ይስቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ሳጅኗ በጣቢያው መኪና ስትሄድ ከኋላው ደረሰች። መስታወቱን አስገጥሟል፤ ሄልሜቱ ጭንቅላቱ ላይ ነው። መሻገሪያው ጋ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ቆማ ስላየ ቆመ። እናትዬዋ ሞተር መሆኑን አይታ ይለፍ ብላ ጠበቀች። እሱ ትሻገር ብሎ ጠበቀ። እሷ በእጇ እለፍ አለችው፤ እሱ በእጁ እለፊ አላት። ከኋላ መኪናዎች ተደርድረው ጥሩንባቸውን መንፋት ጀመሩ። ሳጅኗ ከሁሉም ፊት፣ ልክ ከኋላው ነበረች። ጥሩንባዋን ብትነካው ሁሉም ነገር ያበቃ ነበር። ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ሁለቱ እስኪስማሙ ጠበቀች።