ከቻይና ልጅ የጠበቁት ክቡር ዶን ፌርሚን

በየሕንፃው አንድ ዝግጁ ሰው አይጠፋም። መብራት ሳይጠፋ ሻማ የሚገዛ፣ ሰማይ ሳይጠቁር ጃንጥላ የሚዘረጋ፣ ለመለዋወጫው ራሱ መለዋወጫ ያለው ሰው። ስፔን አገር፣ ቴሩዌል ከተማ እኔ በምኖርበት ሕንፃ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ዶን ፌርሚን ላሴራስ ናቸው። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣ እሳቸው ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ውሃ ክፍል ሹም። ቢሆንም አንተ ልላቸው ስል ምላሴ እምቢ ይላል። ለሠርግ ሲጠራ እንኳ መፍቻ በኪሱ ይዞ የሚሄድ ሰው እንዴት ተደርጎ አንተ ይባላል?

እሳቸውና ባለቤታቸው ኤንግራሲያ ልጅ አልወለዱም። አንድ ቅዳሜ ደረጃው ላይ አስቆሙኝና፣ «ዶን ብላስ፣ በጉዲፈቻ ልጅ ልናሳድግ ነው። ከቻይና፣ በኤጀንሲ በኩል» አሉኝ።

ደስ ብሎኝ ላቅፋቸው እጄን ስዘረጋ ወረቀት አስጨበጡኝ።

«እርስዎ ምስክራችን ነዎት። ሊጠይቁዎት የሚችሉትን ሠላሳ አንድ ጥያቄ ጽፌልዎታለሁ። ከነመልሱ።»

ወረቀቱን እንደ ተማሪ አጠናሁት። ከኤጀንሲው የመጣችው ባለሙያ ግን ከሠላሳ አንዱ አንዱንም አልነካችም። ወንበሬ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና፣ «ሰውየው ይስቃል?» አለችኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ የለም። «አልፎ አልፎ፣ በቀጠሮ» አልኳት ከራሴ። እሷ ሳቀችና ጻፈች። ዶን ፌርሚን ይህን ሲሰሙ ሁለት ሳምንት ሙሉ መስተዋት ፊት ቆመው ሳቅ ተለማመዱ። በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ሦስተኛው ዓይነት ሳቅ መጥፎ አልነበረም።

ከዚያ ሦስት ዓመት መጠበቅ ሆነ። የምትመጣው ጨቅላ ሕፃን ናት ስለተባሉ አልጋዋን ገጠሙ፣ ፈቱ፣ እንደገና ገጠሙ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ሁሉ በስፖንጅ ለበጡት። የእኔንም ጠረጴዛ ጭምር፤ «ልትጎበኝዎት ትችላለች» ብለው። ዳይፐር ማሰር በሐብሐብ ላይ ተለማመዱ። ቻይንኛም ተማሩ። አንድ እሑድ አብረን ምሳ ልንበላ ቻይና ምግብ ቤት ገባንና ባለቤቱን በቋንቋው አናገሩት። ሰውየው በጨዋነት አዳመጣቸውና በጠራ ስፓኒሽ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ዓሣ አልቋል» አላቸው።

«ምን ብለውት ነው?» አልኳቸው።

«እንደምን ዋልክ።»

ኤንግራሲያ፣ «ፌርሚን፣ የምንጠብቀው ልጅ ነው ወይስ ጦርነት?» ትላቸዋለች። እሳቸውም፣ «ቀድሞ ያሰበ አይደነግጥም» ይላሉ።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ኤጀንሲው ደወለ። የተመደበችላቸው ልጅ ሕፃን አይደለችም። አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ስሟ ሩዪን ይባላል። አንፈልግም ማለት ይችላሉ፤ ሌላ ልጅ መቼ እንደሚገኝ ግን አይታወቅም። ኤንግራሲያ ስልኩን ይዛ ባሏን አየቻቸው። ዶን ፌርሚን ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የተገጠመ የተፈታውን አልጋ አዩ፣ የተደረደሩትን ጡጦዎች አዩ። ከዚያም፣ «የጫማ ቁጥሯን ጠይቂያቸው» አሉ።

ሄደው አመጧት። ደረጃውን ስትወጣ አየኋት፤ ኮቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ የማንንም እጅ ሳትይዝ።

በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ዶን ፌርሚን ናቸው። በአንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ። እጃቸው ላይ ወረቀት የለም።

«ዶን ብላስ፣ ከጠረጴዛው ሥር አልወጣም አለች። ከውሃና ከብስኩት በቀር ምንም አልቀመሰችም። እርስዎ ሦስት አሳድገዋል፤ እንዴት ነው የሚደረገው?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ዳቦ ቤት ነበር የምውለው። እናታቸው ናት ያሳደገቻቸው።»

ካልሲ ብቻ ያደረገውን እግራቸውን ቁልቁል አዩ።

«ና፣ ልጄ፣ አብረን እንሂድ» አልኩት። አንተ ማለቴን ያወቅሁት ቤታቸው ከገባሁ በኋላ ነው።

ኤንግራሲያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የምስር ሾርባ ይዛለች። ፌርሚን ሳህኑን ተቀበላትና በደረቱ እየተሳበ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። የተማረው ቻይንኛ በሙሉ ጠፋበት። «ብዪ፣ የኔ እናት» አላት በገዛ ቋንቋው።

ልጅቷ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ማንኪያውን ከእጁ ወሰደች፣ ሾርባውን ጨለፈች፣ እፍ እፍ አለችበት፣ ወደ አፉ አስጠጋችለት። «አአአ» አለችው፣ የራሷን አፍ ከፍታ እያሳየችው።

ቻይና ሳለች በነበረችበት የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ትንንሾቹን የምታበላው እሷ እንደነበረች ኤጀንሲው የነገረን ከወራት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ማናችንም አላወቅንም። ፌርሚን አፉን ከፈተ። አንድ ማንኪያ አጎረሰችው፤ ሁለት፤ አምስት። እንባው እየወረደ ይውጣል። አገጩን በእጅጌዋ ጠረገችለት። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ለራሷ አንድ ቀመሰች፤ ከዚያ ደገመች። ኤንግራሲያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሌላ ሳህን ልታመጣ ሮጠች።

ሩዪን ይሄኔ ቀና ስትል፣ በቁሜ አፍንጫዬን የምጠርገውን ሽማግሌ አየችኝ። ማንኪያውን ወደ እኔ ቀሰረች።

ጉልበቴን ቀዶ ጥገና ያደረገልኝ ሐኪም «ከእንግዲህ መንበርከክ የለም» ብሎኛል። ተንበረከክሁ። ፌርሚን ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።