ንቦቼ እንቅልፍ የቆረጡበት ሌሊት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ንቦቼ እኔን ሲያረቡኝ አደሩ።

ስሜ መንክር ነው፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከጓሮዬ ሁለት ቀፎ ንብ አለኝ። ለንግድ አይደለም፤ ሲወጡ ሲገቡ ማየት ስለምወድ ነው። ማሩንም ትኩሱን፣ ከነሰፈፉ፣ ቆሜ መብላት እወዳለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ «ሌላው ወንድ ኳስ ያያል፤ የኔው ንብ ያያል» እያለች ትስቅብኛለች።

በሕልሙም እንደ ወትሮዬ ወደ ጓሮ ልወጣ ነበር። በሩን ልገፋ እጄን ስዘረጋ በር የለም። በበሩ ቦታ ያለችው እንደ ምንም ሰው የምታሾልክ ቀዳዳ ናት። መስኮትም የለም። ቤታችን ሣጥን ሆኗል። ግራ ገብቶኝ ቀና ስል ጣራው እንደ ድስት ክዳን ተነሣና በሬ የምታህል ንብ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች። ፊቷን በመረብ ተሸፋፍናለች።

«ደኅና ናቸው» አለች፣ ከኋላዋ ለቆመች ጎረቤቷ። «ቀዩ ትንሽ ይቆጣል እንጂ አይናደፉም።»

ቀዩ እኔ ነኝ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ውይ፣ ድምፁ ሲያምር!» አለች ጎረቤቷ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ሲርበው ነው። እስቲ ጭሱን አቀብዪኝ።»

የወይራ ጭስ ለቀቁብን። ጭሱ ሲገባን እኔም ትርንጎም ያለ ልክ ራበን። እኔ የሳምንቱን ዳቦ፣ እሷ አንድ ድስት ምስር ጠራርገን በላን። ሆዳችን ሲሞላ ቁጣችን በረደ፤ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ንብም ስትታጠን እንዲህ ናት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ስለምትወደኝ ዝም የምትል ይመስለኝ ነበር።

ባለቤታችን፣ ማለቴ ንቧ፣ ረጅም ቢላ ይዛ ገባች። ከአልጋችን በላይ እንቅልፋችን እንደ ማር እንጀራ ተጋግሮ ተንጠልጥሏል። የትርንጎ ነጭና የጠራ ነው፤ ጠብ ጠብ ይላል። የኔ ጠቁሯል። ቆርጣ ቀመሰችና ፊቷን አጨፈገገች።

«ይሄኛው ይመራል። ምን ቀስሞ ነው?»

«የፈተና ወረቀት ነዋ» አለች ጎረቤቷ። «ነጩ ግን ለሳል ይሆነኛል፤ ትንሽ በብልቃጥ አድርጊልኝ።»

ለሳል! ማር በቆረጥኩ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳል ይይዘዋል። አሁን ደግሞ ንቦቹም ጀመሩኝ።

«እመቤቴ፣ ሁሉንም አትውሰጂው» አልኩ። «ሰኞ ክፍል መግባት አለብኝ።»

«እውነት ነው፤ ለክረምት የሚሆናቸውን ተዪላቸው» አለች ጎረቤቷ። ባለቤታችን ከጥግ በኩል መዳፍ የማትሞላ የቀትር ሸለብታ ተወችልን። ለሁለታችን!

በንዴት ጦፌ በቀዳዳዋ ተሹለክልኬ ወጣሁ። ደጅ አደይ አበቦች ወለላቸውን በእንስራ ተሸክመው ከቀፎ ቀፎ እየዞሩ በር ያንኳኳሉ። «ወለላ! ወለላ የሚቀበል!» ንቦቹ ብቅ ይሉና «ዛሬ አይመቸንም፤ ነገ ኑ» ይሏቸዋል። አንዲት አሮጊት አደይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያሸች «ድሮ እኮ ንብ ራሷ ትመጣ ነበር፣ ልጄ» አለችኝ። አቤት ልል ወደ ጽሕፈት ቤት ሮጥኩ።

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ከነከረባታቸው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። የሰልፉ ጅራት ገበያው ውስጥ ገብቷል። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ባለጉዳይ መጣ! ተራ ያዙ!» ብሎ ጮኸ። ክንዴን ይዞ አስገባኝና ከትልቁ ጠረጴዛ ኋላ አስቀመጠኝ። ከፊት የነበረው ሹም ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ከክረምት ጀምሮ እመላለሳለሁ። እባክዎ አንድ ጉዳይ ቢሰጡኝ። ልጆች አሉኝ።»

«ንብ እንቅልፌን ወሰደችብኝ» አልኩት።

«ይህን ለኔ!» አለ ሹሙ።

«ምን ሲሆን! እኔ ነኝ የቀደምኩት!» አሉ ከኋላው፤ ሰልፉ ፈረሰ። አቤቱታዬን ከአፌ ላይ ይሻሙት ጀመር። አንዱ «ንብ» የሚለውን መንጭቆ ኪሱ ከተተ። አንዲት ጸሐፊ «እንቅልፌን» የሚለውን በነጠላዋ ሸፍና ሮጠች። ሹሙ «ወሰደች» ላይ ተቀመጠበት። ለኔ የቀረችኝ «ብኝ» ብቻ ነበረች።

«ብኝ!» አልኩ። «ብኝ! ብኝ!»

«ጉዳይዎ አልቋል» አለ ሹሙ እንደገና እጅ እየነሣ። «ውለታዎን አንረሳም።»

ስወጣ የጠፋ መንጋ የሚሰበስቡ ንቦች ያዙኝ። በጆንያ ከትተው ወደ ሣጥኔ መለሱኝ። እዚያም ነገሩ ብሶ ጠበቀኝ። ጎረቤቲቱ ባዶ ሣጥን አምጥታለች።

«በይ እንደ ቃልሽ መንጋውን ክፈዪልኝ» ትላለች። «አውራዋን ነው የምፈልገው።»

«አውራዋ ይህች ናት» አለች ባለቤታችን ወደ ትርንጎ እያሳየች። «ቤቱ የሚንቀሳቀሰው በእሷ ነው።»

«ብኝ!» አልኩ። ትርንጎን እንዳትነኳት ማለቴ ነበር።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ይሄ ድንጉላ፣ ሥራ የሌለው ወንዱ ነው። አይቀስምም፣ ቤት አይጠብቅም። ቅድም እንደሰማሽው ይጮኻል።»

«ድንጉላማ ይባረራል እንጂ፤ ምን ብለሽ ትቀልቢዋለሽ?»

ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ሳስተምር፣ አጥር ሳጥር፣ ጣራ ስጠግን ኖሬ ድንጉላ! ልከራከር አፌን ብከፍት የሚወጣው ያው «ብኝ» ነው። ወደ ትርንጎ ዞርኩ። አንቺ ንገሪያቸው ብዬ በዓይኔ ለመንኳት።

ባለቤታችንም ጎንበስ ብላ «ይጠቅምሻል?» አለቻት።

ትርንጎ አሰበች። አገጯን ይዛ አሰበች። ጣራ ጣራውን አይታ አሰበች። ይህን ያህል ምን ያሳስባል?

«ከቁም ሣጥን ላይ ሻንጣ ያወርድልኛል» አለች በመጨረሻ።

«ለሻንጣ ብለንማ አናቆየውም።»

ጎረቤቲቱ በግንባሯ ወደ ቀዳዳዋ ትገፋኝ ጀመር። ውጭው በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከቀዳዳዋ በታች የተባረሩ ድንጉሎች ክንፋቸውን አጣጥፈው ተኝተዋል፤ አንዱም አይንቀሳቀስም። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ታገልኩ። ግማሽ አካሌ ወጣ። ሕልም መሆኑን አላውቅም ነበርና እውነተኛ ፍርሃት ፈራሁ።

«ቆዩ እስቲ» አለች ትርንጎ። ተነሥታ እግሬን ያዘች። «ያንኮራፋል።»

«ታዲያ ይሄ ጥፋት ነው ጥቅም?»

«እኔ እንጃ። እናቱ ዘንድ ሄዶ ያደረ ለት ግን ቤቱ ጭር ይልብኛል። ዓይኔ ሳይከደን ይነጋል። እሱን ካወጣችሁት ከኔ የምትቆርጡት እንቅልፍ አይኖርም።»

ንቦቹ ተያዩ። ባለቤታችን ነጩን እንቅልፍ በቢላዋ ጫፍ እንደገና ቀመሰችና «እንግዲያ አብረው ይቀመጡ» አለች። ጎረቤቲቱ አኩርፋ ባዶ ሣጥኗን አንሥታ ሄደች። ትርንጎ እግሬን ስባ አስገባችኝ። አንድ ነገር ልላት ፈለግሁ። ከተጋባን ጀምሮ ልላት እያሰብኩ ሳልላት የኖርኩት ነገር ነው።

«ብኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ባለቤታችን ግን ጊዜ አልሰጠችንም። «በል እንግዲህ አንኮራፋ!» አለችኝ ቢላዋን እየሳለች። አጋደመችኝና ጭሱን ለቀቀችብኝ። አፌን ስከፍት ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኝ ጀመር።

«ተነሥ! ተነሥ እንጂ፣ አንተ ሰው! ንቦችህ ወጥተዋል!»

ትከሻዬን የያዘችው ትርንጎ ነበረች፤ ለሠርግ ለብሳለች። ለካ እሑድ ነው፤ ረፍዷል። አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ልጇን የምትድርበት ቀን ነው። በፒጃማዬ ሮጬ ወጣሁ። አንደኛው ቀፎዬ ኦና ሆኗል። መንጋው አጥሩን ተሻግሮ የሙሽራው መኪና ላይ ሰፍሯል፤ ከመስተዋቱ እስከ በሩ እጀታ ድረስ አበባው አይታይም። ሙሽራው መስኮቱን ዘግቶ ውስጥ ተቀምጧል። ላቡ ይንቆረቆራል። ሚዜዎቹ ከሩቅ ቆመው ያጨበጭቡለታል።

እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

«መምህር፣ ዘርህ ይባረክ! ንብ ያረፈበት ሙሽራ ሲሳይ አለው፤ ንቡም ከእንግዲህ የሙሽራው ነው ብለው ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። እንዲህ ያለ ስጦታ ማን ሰጥቶ ያውቃል!»

«እትዬ አስካለ፣ ንቦቹ እኮ የኔ ናቸው።»

«ነበሩ በል እንጂ! በል አሁን ቶሎ ናና ቀፎ አስገባላቸው፤ ቀፎውንም ይዘህ ና። ማሩም ሲደርስ አንተው ትቆርጥላቸዋለህ፤ ልጆቹ እንደሁ ንብ ይፈራሉ።»