ቴምብር ለጥፎ ያመለከተው ሰውዬ

[እሑድ ጠዋት፣ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ። የአንድ አፓርታማ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። ዌንደል ከሥራ የተቀነሰ ጎልማሳ ፕሮግራመር ነው፤ ከጋዜጣ ላይ የሳሙና ቅናሽ ኩፖን በመቀስ ይቆርጣል። ጎረቤቱ ፋኒ በሥራ ቪዛ ከህንድ የመጣ ወጣት ፕሮግራመር ነው፤ የዌንደልን ካልሲዎች ከማድረቂያው እያወጣ ቅርጫት ውስጥ ይከታል።]

ዌንደል፦ ኧረ ካልሲዬን ልቀቅ።

ፋኒ፦ ማድረቂያው እኮ ቆሟል፣ አና።

ዌንደል፦ ቢቆምስ? እያረፈ ይሆናል። መጀመሪያ ሥራችንን ወሰዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ማድረቂያችንን። ደግሞ አና አትበለኝ ብዬሃለሁ። አና የሴት ስም ነው።

ፋኒ፦ በእኛ ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ታዲያ ምን ልበልዎት?

ዌንደል፦ ዌንደል በለኛ። ሰው ሁሉ ዌንደል ነው የሚለኝ።

ፋኒ፦ እሺ፣ ዌንደል አና።

ዌንደል፦ [መቀሱን አስቀምጦ] ለነገሩ ዛሬ ከማንም አልጣላም። ነገ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ።

ፋኒ፦ እሰይ! እኔም የምሥራች አለኝ። መሥሪያ ቤቴ የመኖሪያ ፈቃድ ሊያስወጣልኝ ነው። ለሥራዬ የሚሆን አሜሪካዊ ፈልገው ካጡ በቃ፣ አለቀ። ሚስቴም ሥራ እንድትይዝ ይፈቀድላታል። እቤት ተቀምጣ ግድግዳ ማየት ሰልችቷታል።

ዌንደል፦ ፈልገው አጡ?

ፋኒ፦ ማስታወቂያ አውጥተው ነበር፣ ማንም ዝር አላለም። አንድ ሰውዬ ብቻ ቴምብር ለጥፎ በፖስታ አመልክቷል አሉ። ጠበቃችን ነው የነገረኝ።

ዌንደል፦ [እየሳቀ] በዚህ ዘመን ቴምብር? አንድ የዞረበት ሽማግሌ ነው፣ አታስብ።

ፋኒ፦ እርስዎስ በምን አመለከቱ?

ዌንደል፦ እኔማ በፖስታ ነው። ማስታወቂያው በፖስታ ብቻ ይላላ። የእኔ ግን ሌላ ነው፣ በሥርዓት የተጻፈ ማመልከቻ ነው።

ፋኒ፦ ማስታወቂያውን የት አይተውት ነው?

ዌንደል፦ ከኩፖኑ ጀርባ። ብልጥ ሰው ጋዜጣ ይገዛል። ስማ። [ያነባል] «በጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የተመረቀ ፕሮግራመር ይፈለጋል።»

ፋኒ፦ ይገርማል፣ እኔም የተመረቅኩት በጨርቃ ጨርቅ ነው።

ዌንደል፦ እኔ ያደግኩት ካሮላይና፣ የካልሲ ፋብሪካ አጠገብ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ተምሬ ስመረቅ ፋብሪካው ተነቅሎ ወደ እናንተ አገር ሄደ፣ እኔም ወደ ኮምፒውተር ዞርኩ። ቀጥሎ፣ «የጥርስ ሐኪሞች ቀጠሮ ፕሮግራም ላይ የሠራ።» ያባረሩኝ ከእንዲህ ያለ ሥራ እኮ ነው።

ፋኒ፦ እኔም የምሠራው እሱኑ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሁለት ቦታ መኖሩ ደስ ይላል።

ዌንደል፦ «ቴሉጉ የሚችል ይመረጣል።» ይህን የጻፈው ሰው ጤነኛ አይመስለኝም።

ፋኒ፦ ቴሉጉ የእኛ ቋንቋ ነው፣ እኔ አስተምርዎታለሁ። አና የምትለዋን ቃል አውቀዋታል። ቢሮው የት ነው?

ዌንደል፦ ፈርስት ጎዳና፣ ሰማያዊው ሕንፃ።

ፋኒ፦ የእኔም ቢሮ እዚያ ነው፣ በመኪናዬ አደርስዎታለሁ።

ዌንደል፦ የምትጠይቀኝ ወይዘሮ ጋርዛ የምትባል ናት።

ፋኒ፦ አለቃዬ ናት፣ ደግ ሴት ናት፣ ምንም አይፍሩ…

[ሁለቱም ጋዜጣው ላይ ያፈጣሉ።]

ፋኒ፦ ዌንደል አና… ቴምብሩ ላይ ምን ነበረበት?

ዌንደል፦ ወፍ።

ፋኒ፦ ጠበቃውም ወፍ ነው ያለው።

ዌንደል፦ [ቀስ ብሎ] ሽማግሌው እኔ ነኝ።

ፋኒ፦ የዞረበት ያልኩት እኔ አይደለሁም።

ዌንደል፦ በል እንግዲህ ፋኒ፣ አትቀየመኝ። ሥራ ከፈታሁ ወዲህ ሚስቴን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ነገ ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ።

ፋኒ፦ አይቀመጡም። ሥራው እኮ የለም።

ዌንደል፦ ማስታወቂያውስ?

ፋኒ፦ ሕጉ አስገድዷቸው አወጡት፤ በጋዜጣ ያደረጉት ሰው እንዳይመጣ ነው። የትኛው ፕሮግራመር ጋዜጣ ያነባል? እርስዎ ካለፉ የእኔ ፈቃድ ይቀራል። እርስዎን የመቅጠር ግዴታ ግን የለባቸውም። ቪዛዬ እስኪያልቅ ወንበሩ ላይ እኔው ነኝ።

ዌንደል፦ ቆይ። ካለፍኩ አንተም እኔም ባዶ እጃችንን ነን። ብወድቅስ?

ፋኒ፦ እርስዎ ባዶ እጅዎን፣ ሚስቴ ግን ሥራ ትይዛለች።

ዌንደል፦ [ጋዜጣውን ጨምድዶ] ተናድጃለሁ። በአንተ አይደለም፣ በወፏ ነው። በል ጠይቀኝ፣ ለሚስትህ ስል መውደቅ ልለማመድ።

ፋኒ፦ ሁለት ሰው ለአንድ ሰዓት ቀጠሮ ቢይዝ ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል?

ዌንደል፦ አላውቅም። [ይቁነጠነጣል] ሁለተኛውን ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። ካላስገባው የሠራው ሰው መታሰር አለበት።

ፋኒ፦ አለፉ እኮ።

ዌንደል፦ የማውቀውን አላውቅም ማለት አልችልበትም። ቀለል ያለ ጠይቀኝ።

ፋኒ፦ ጥጥ ከምን ይገኛል?

ዌንደል፦ [ጥርሱን ነክሶ] ከበግ። [ላብ ያጠምቀዋል] ኧረ ከበግ አይደለም፣ ይህንንማ ሕፃንም ያውቀዋል።

ፋኒ፦ [ተስፋ ቆርጦ] የመጨረሻ ጥያቄ። ስንት ደመወዝ ይፈልጋሉ?

ዌንደል፦ ድሮ የማገኘውን። አንዲት ሳንቲም አልቀንስም።

ፋኒ፦ ስንት ነበር?

[ዌንደል በጆሮው ሹክ ይለዋል። ፋኒ ዘሎ እጁን ይጨብጠዋል።]

ፋኒ፦ ወደቁ! እንኳን ደስ ያለዎት። ይህን ሲሰሙ የመውጫውን በር ራሳቸው ናቸው የሚከፍቱልዎት። [ፈገግታው ቀስ በቀስ ይጠፋል] በዓመት ነው?

ዌንደል፦ በዓመት ነዋ። ለአንተስ ስንት ይከፍሉሃል?

[ፋኒ ሹክ ይለዋል። ዌንደል ማጠቢያ ማሽኑን ይደገፋል።]

ዌንደል፦ ለዚያው ሥራ ይህችን ብቻ?

ፋኒ፦ ጥሩ ደመወዝ ነው ብለውኝ ነበር። እኔም እናቴን ጥሩ ነው ብያታለሁ።

ዌንደል፦ ና ተቀመጥ። አሁን የማለማምድህ እኔ ነኝ። ፈቃድህ ወጥቷል እንበል፣ እኔ ወይዘሮ ጋርዛ ነኝ። [ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁን ያቀጥናል] «ፋኒ፣ ከእንግዲህ ስንት እንክፈልህ?»

ፋኒ፦ የሰጡኝን።

ዌንደል፦ ወደቅህ። እንደገና።